ወላጆች፣ የልጆቻችሁን ስም አደራ

ወገኖቼ፣ አሁን አሁን ለልጆቻችን ስም የምናወጣበት መንገድ አላማረኝም። ዝም ልበል ብልም አልሆነልኝም።

ስም ሲወጣ ቤተሰብ ይመክርበት ነበር። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ የወለዱ «ምትኩ»፣ «ካሳ»፣ «ማስረሻ» ይላሉ። መከራ ያለፈበት ቤት «ይርጋዓለም» ብሎ ይመኛል። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ የክርስትና አባት አለ። በኦርቶዶክሱ ቤት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የክርስትና ስም ይጨመርላቸዋል። በሙስሊም ወገኖቻችን ቤት በ7ኛው ቀን አቂቃ ታርዶ ስሙ በሰው ፊት ይነገራል። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በቤቱ አይጠፋም ነበር።

ዛሬስ? ከእናት ስም ግማሽ፣ ከአባት ስም ግማሽ ተቆርጦ ይገጣጠማል። ወይም ቲክቶክ ላይ «ትርጉሙ በዕብራይስጥ የአምላክ ስጦታ» የሚል ነገር ታይቶ ይወሰዳል። እስቲ ልብ በሉ፤ እዚያ የሚለጠፈው ስም ሁሉ ወይ ዕብራይስጥ ነው ወይ ግዕዝ፣ ትርጉሙም ሁልጊዜ ስጦታ ወይም ብርሃን ነው። ማን እንዳለው የሚጠይቅ የለም። ልጅቷ አድጋ «ስሜ ምን ማለት ነው?» ስትል ምን ልትሏት ነው? ቴሌግራም ላይ አየነው? እባካችሁ አንድ መሪጌታ፣ አንድ ሼህ፣ አንድ የቋንቋ መምህር ጠይቁ። አንድ ስልክ መደወል ነው።

አዲስ ስም አታውጡ ማለቴ አይደለም። «ሐሴት» ደስ የሚል ስም ነው። «ኖላዊ»ም እንደዚያው፣ በግዕዝ እረኛ ማለት ነው፤ የሚያውቅ ሰው አለው። ሁሉም ወንድ በላይነህ ይባል የሚል ሰውም አይደለሁም። የምለው፣ የምታወጡትን እወቁት ነው።

በውጭ ያላችሁ ደግሞ ስሙን «ፈረንጅ እንዳይቸገር» እያላችሁ ትቆራርጡታላችሁ። እስራኤል የገቡ ወገኖቻችንን አስቡ። በ1977 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን የሄዱት ብዙዎቹ ልጆች በአማርኛ ወይም በትግርኛ ስማቸው ገብተው የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም መልሰው ይዘዋል። እነሱ የተወሰደባቸውን ሲያስመልሱ እኛ ማንም ሳይጠይቀን መስጠታችን ያሳዝነኛል። ፈረንጁ ይልመደው! የስንት አገር ከባድ ስም ለምዶ የለ?

ሌላም አለ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም ይኑር ብሎ ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። የልጁ ስም ለልጆቹ የአባት ስም፣ ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። ዛሬ ለአራስ የሚያምር የቁልምጫ ስም በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ስታስጽፉ፣ ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆቻችሁንም እየሰየማችሁ ነው። ቁልምጫውን ቤት ውስጥ ጥሩት፣ ማንም አይከለክላችሁም። መዝገብ ላይ ግን ሙሉ ስሙ ይግባ።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልምጣ፤ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

«ሊያ»ን እንውሰድ። ሁለት ፊደል ናት። በእንግሊዝኛ አንዱ ኤል፣ አይ፣ ኤ ብሎ ይጽፋታል። ሌላው መሀል ላይ ዋይ ይጨምራል። ሦስተኛው ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤች ይላል። «ለየት እንዲል» ብሎ ሁለት ኤል የሚደረድርም አለ። ይህ ሁሉ አንዲት ልጅ ላይ ሲሆን ነው ጉዱ። የክትባት ካርዷ ላይ ነርሷ በመሰላት ጻፈች። ልደት ካርዱ ላይ የወረዳው ሠራተኛ በመሰለው። ትምህርት ቤት በሌላ፣ ፓስፖርት በሌላ። የአባቷ ስም «ጸጋዬ» ከሆነማ ቲ እና ኤስ ነው ወይስ ኤስ ብቻ የሚለው ክርክር ይጨመራል። አባትየው በራሱ ፓስፖርት ላይ በአንድ መልክ ተጽፎ፣ ልጁ ወረቀት ላይ በሌላ መልክ ሲገኝ፣ ኤምባሲ መስኮት ላይ «የእውነት አባቷ ነህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ልጅቷ ምን አጠፋች? ስኮላርሺፕ አግኝታ ዲግሪዋና ፓስፖርቷ አልገጥም ሲሏት፣ በሃያ ምናምን ዓመቷ ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገብታ፣ ምስክር ቆጥራ፣ «ሁለቱም እኔ ነኝ» ማለት አለባት። ቀነ ገደቡ እሷን አይጠብቅም።

በራሳችን ፊደልም እንደዚሁ ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ተብላ በሦስት ቦታ የተመዘገበች ሴት ፋይሏ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ድሮ መዝገቡን የሚያገላብጠው ሰው ስለነበር ያልፍ ነበር። አሁን የፋይዳ መታወቂያው፣ ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። ማሽን ይሉኝታ አያውቅም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እያልን አንዘናጋ። አጻጻፉን መልአክ አይወስንልንም።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል ሕጉ። ጊዜ አላችሁ። ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም በወረቀት ላይ ጻፉት። የአባቱ ከአባቱ መታወቂያና ፓስፖርት ጋር አንድ ይሁን። ጸሐፊው «በእንግሊዝኛ እንዴት ነው?» ሲል በቃል አትንገሩት፣ ወረቀቱን ስጡት። ካርዱ ታትሞ ሲወጣ ከመስኮቱ ሳትርቁ ፊደል በፊደል አንብቡት። ስህተት ካለ እዚያው ይታረም፣ ሰልፉ ረጅም ነው ብላችሁ አትተዉት።

ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ወረቀቶቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁ ልጁ ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳይመዘገብ አስተካክሉ። የ12ኛው ፈተና ካለፈ በኋላ ማስተካከሉ የሱ ሥራ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ሌላ ሥራ ይኖርበታል።