ማሽኑን አጉርሱልኝ

አሜሪካን የምታሙ ሰዎች አፋችሁን ሰብስቡ። ለአሥር ቀን ሥራ ዋሽንግተን ሄጄ ሌላ ሰው ሆኜ ተመልሻለሁ። ስሄድ ቋጣሪ ነበርኩ። መኪናዬን ለሚጠብቅልኝ ልጅ አሥር ብር ለመስጠት ኪሴ ውስጥ ሁለት ደቂቃ የምቆይ ሰው ነበርኩ። አሁን ግን እጄ ተፈቷል። ያውም የፈታው ቄስ ወይ ሽማግሌ አይደለም፣ ማሽን ነው።

የምመለስበት ቀን ነው፣ የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት። ፍተሻው ላይ ውሃዬን አስጥለውኝ ስለነበር ጉሮሮዬ ደርቋል። ሻጭ የሌለው ሱቅ አገኘሁ። ሻጭ የለውም ስል ሻጩ ምሳ ወጥቷል ማለቴ አይደለም፣ ጭራሽ የለም። ፍሪጁን ራሴ ከፈትኩ። አንዷን ውሃ አወጣሁና ማሽኑ ጋ ሄጄ ባርኮዷን ቀይዋ መብራት ላይ አሳየኋት። አልያዘም። አዞርኳት። አሁንም አልያዘም። እንደ ሕፃን ጀርባዋን መታ መታ አድርጌ በሦስተኛው ጢው አለች። 4 ዶላር ከ19። ካርዴን ላስጠጋ ስል ስክሪኑ ተቀየረና ጠየቀኝ፦ «ቲፕ መጨመር ይፈልጋሉ?» 18፣ 20፣ 25 ፐርሰንት። ከታች ደግሞ የዓይን ሐኪም ግድግዳ ላይ እንዳለችው የመጨረሻ መስመር የቀጠነች ጽሑፍ አለች፣ «ያለ ቲፕ» የምትል።

ዞር ብዬ አየሁ። ለማን?

ነገሩን በሰከነ መንፈስ እንየው። ያስተናገደ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ፍሪጁን የከፈትኩ እኔ፣ የመረጥኩ እኔ፣ ተሸክሜ ያመጣሁ እኔ፣ ባርኮዷን ያባበልኩ እኔ። እንግዲያው ቲፑ የሚገባው ለኔ ነው። እዚህ ድረስ ክርክር የለውም። ችግሩ ስንት የሚለው ነው። እውነቱን ለመናገር በመስተንግዶዬ ቅር ተሰኝቻለሁ። ስገባ እንኳን ደህና መጣህ አላልኩኝም። ምን ልታዘዝ አላልኩም። ፊቴን የፍሪጁ መስታወት ላይ አይቼዋለሁ፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ባለጉዳይ የመጣበት መዝገብ ቤት ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ስልኬን ከፍቼ አይቻለሁ። እንዲህ ላለ አስተናጋጅ 25 ከሰጡት ይባልጋል። 18 ደግሞ ስድብ ነው፤ እኔም የልጆች አባት ነኝ፣ ከአገሬ ርቄ ነው የምሠራው። ለመሆኑ አለቃ ቢኖረኝ ኖሮ አቤት እለው ነበር? ወይስ ሰውየው ዛሬ ደክሞታል ብዬ አልፈው ነበር? እዚህ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሻንጣ የያዘው ሰውዬ ተነፈሰ። አስተርጓሚ የማይፈልግ አተነፋፈስ ነው። ደንግጬ 20 ነካሁ። 84 ሳንቲም። ማሽኑ አመሰገነኝ። ቸርነቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

እኛ እንግዲህ ጉርሻ ፈጠርን ብለን ስንኩራራ ኖረናል። የኛ ጉርሻ ግን ኋላ ቀር ነው። ጋባዡ ራሱ ይጠቀልላል፣ አንተ «በቃኝ» ትላለህ፣ እሱ «በሞቴ» ይላል፣ ወጡ ሸሚዝህ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጊዜ ይባክናል። አሜሪካ ይህን ሁሉ አሳጥራዋለች። ተጎራሹ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል፣ አንተ መጠኑን ብቻ ትመርጣለህ።

ሆቴሌ አጠገብ ያለው ቡና ቤት ደግሞ ጥበቡ ሌላ ነው። ልጁ ቡናዋን ቀድቶ ሲያበቃ ታብሌቱን ወዳንተ ያዞረዋል። አዟዟሩን ብታዩት! በአንድ ጣት፣ ቀስ አድርጎ። ከዚያ ጣሪያውን ያያል። ያንተን ነፃነት ላለመጋፋት ነው። እኔም አንድ ቀን ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት፣ ምንም የለም። ሂሳቡን በሆዴ ወደ ብር ስመነዝር ላብ አጠመቀኝ፣ ግን ደግሞ እንደኔ ያለ እንግዳ ፊት ለፊቱ በቆመ ወጣት ላይ ሊፈርድ ነው? ነካሁ።

ምግብ ቤት እንሂድ። ሜኑው ላይ በርገር 24 ዶላር ይላል። ማለቱ ነው እንጂ አይደለም። ዋሽንግተን የምግብ ቤት ታክሷ 10 ፐርሰንት ነው፣ እሱ ይደመራል። ከዚያ 20 ፐርሰንት «የአገልግሎት ክፍያ» ይመጣል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል «ይህ ክፍያ ቲፕ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ምንድን ነው? አይልም። ቀጥሎ ቲፕ የምትሞላበት ባዶ መስመር አለልህ። 24 ብሎ የተቀመጠው በርገር 36 ዶላር ገደማ ሆኖ ይነሳል። የኛም ሆቴሎች ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨምሩብን ኖረዋል፣ ንጹሕ ነን አልልም። ግን እኛ ጋ ቢያንስ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል።

እስክሪብቶ ይዤ ባዶዋ መስመር ላይ ሳመነታ የአክስቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ እዚያው ምግብ ቤት ታስተናግዳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አታሳፍረኝ!»

«ባለቤቱ ታዲያ ምኑን ነው የሚከፍለው?»

«በሰዓት ስንት የሚከፈለኝ ይመስልሃል? ሁለት ከአሥራ ሦስት።»

«ሁለት መቶ?»

«ሁለት ዶላር ከአሥራ ሦስት ሳንቲም። ሌላው ከናንተ ነው።»

ሽሙጡን ላቁመው። ይህ 2 ዶላር ከ13 በፌደራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ነው፣ ቨርጂኒያም እሱኑ ይዛለች። የተቆረጠው በነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 1991 ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ያኔ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፣ ስለዚህ በጊዜው አራት ብር ከአርባ ገደማ። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ ያልተገለበጠ ነገር የለም፣ ብሩ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ ያቺ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለችም። ቲፑ ዝቅተኛውን ደሞዝ ካልሞላ አሠሪው ይጨምር ይላል ሕጉ። «ጨምሮልሽ ያውቃል?» አልኳት። ሳቀችና ሹካዋን አነሳች። ይህ የቲፕ ልማድ የተስፋፋው ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ነው፤ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ያለ ደሞዝ ወይም በቁራሽ ደሞዝ ማሠራት የሚፈልግ ቀጣሪ በዛና። ምዕራብ ጫፍ ያለችው የዋሽንግተን ግዛት በ1909 በሕግ ከልክላው ነበር፣ ሌሎችም ተከተሏት፣ እስከ 1926 ሁሉም ተሽሯል። አሁን የአክስቴ ልጅ ቲፕ ያልሰጠውን እንግዳ ትረግማለች፣ እንግዳው እሷ ላይ ያኮርፋል። ባለቤቱን የሚያየው የለም። ሰው ቀጥረህ ደሞዙን በልመና እንዲሰበስብ ማድረግ ነውር ነው፣ ስሙን አገልግሎት ብትለውም ነውር ነው!

እሺ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። እዚያ አሥር ዓመት የቆየ ዘመድም አይረሳ። «እዚህ እንዲህ ነው» ይልሃል፣ ፊትህን እያየ ያንተን ካርድ እያስጠጋ። ለአንድ ሳምንት ስልጠና ሄዶ የመጣው ወዳጃችንም አለ፤ ቦሌ ማኪያቶ ጠጥቶ «ስንት ፐርሰንት ልተው?» እያለ አስተናጋጇን የሚያስደነግጠው። እሷ ፐርሰንት ሳይሆን ዝርዝር ነው የፈለገችው።

እኔም መጣሁ። ደረሰኞቼን ወረቀት ላይ ለጥፌ ለሂሳብ ክፍል አስገባሁ። በማግስቱ ተጠራሁ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ሳንቲም አታሳልፍም።

«ጋሼ፣ ይቺ 84 ሳንቲም ምንድን ናት?»

«ቲፕ ናት።»

«ለማን የተከፈለ?»

ብዋሽ ማን ያውቅብኛል። ግን የሰው ፊት እያየሁ መዋሸት አልሆነልኝም።

«ለራሴ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደረሰኙን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ለራስዎ ከሆነማ ወጪ አይደለም፣ ገቢ ነው» አለችኝ። «የሥራ ግብር ይቆረጥበታል።»