ሁሉንም ቪዲዮ በአንድ ኮንቨርተር ማሳለፍ ይቅር

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሆነ መጋላ የሰርግ ቪዲዮ ሲመጣ እንደ ድሮው በአንድ ካሜራ ካርድ ብቻ አይመጣም። የሙሽራዋ እህት አይፎን አለ፣ የሚዜው ሳምሰንግ አለ፣ ሐረር ያለ ዘመድ በቴሌግራም የላከው ክሊፕ አለ። ኤዲተሩ ሁሉንም ወደ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ፕሪሚየር ሲያስገባ ግማሹ ይገባል፣ አንዱ አይደገፍም ይባላል፣ ሌላው ድምጹ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ይሆናል። ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል፤ ፋይሉ በሙሉ ተጠራርጎ አንድ ነጻ ኮንቨርተር (ፎርማት መለወጫ ፕሮግራም) ውስጥ ይገባና "ስታርት" ይጫናል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። መለወጥ የማያስፈልገውን ፋይል በከንቱ ጥራቱን ይቀንስበታል፤ መለወጥ ያለበትን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነችግሩ ይመልሰዋል። የሰው ሰርግ ነው፣ ሁለተኛ አይቀረጽም።

ኤምፒ4፣ ኤምኦቪ፣ ኤምኬቪ የምንላቸው ጆንያዎች ናቸው። እህሉ ኮዴኩ፣ ማለትም ምስሉ የታመቀበት ስልት ነው፦ ኤች 264፣ ኤች 265፣ ኤቪ1። ሁለት የኤምፒ4 ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ተከፍቶ ሌላው እምቢ የሚለው ጆንያው አንድ፣ እህሉ ሌላ ስለሆነ ነው። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ መፍቻውን ሁሉ በራሱ ስለያዘ ሁለቱንም ያጫውታል። "በቪኤልሲ ይሠራል እኮ" የሚለው ክርክር ስለዚህ ምንም አያስረዳም። ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑና ፋይሉን ጎትታችሁ ጣሉበት። ኮዴኩን፣ ፍሬም ሬቱ (በሴኮንድ የሚያዘው የስዕል ብዛት) ኮንስታንት (ቋሚ) ይሁን ቫሪያብል (ተለዋዋጭ)፣ ምስሉ ቀለሙን በ8 ቢት ይያዝ በ10 ቢት፣ ድምጹ ምን እንደሆነ ያሳያችኋል። ይህን ሳያዩ የሚደረግ ለውጥ በጭፍን የሚደረግ ነው።

አንዳንዱ ፋይል ጆንያው ብቻ ቢቀየር ይበቃዋል። የኮምፒውተር ስክሪን በኦቢኤስ የተቀረጸበት ኤምኬቪ ብዙ ጊዜ ውስጡ ተራ ኤች 264 ነው፤ በርካታ የፕሪሚየር ስሪቶች የማይቀበሉት ጆንያውን ነው። በራሱ በኦቢኤስ የፋይል ሜኑ ውስጥ "ሪሙክስ ሪኮርዲንግስ" የሚል አለ፣ ሻተር ኢንኮደር በሚባለው ነጻ ኮንቨርተር ደግሞ "ሪራፕ" ይባላል። ምስሉ አይነካም፣ ጥራት አይቀንስም፣ የአንድ ሰዓት ፋይል በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የፋይሉን ስም ጫፍ ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መጻፍ ግን ጆንያውን አይቀይርም፣ ጽሑፉን ነው የሚቀይረው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የስልክ ፍሬም ሬት ነው። ማታ አዳራሽ ውስጥ ስልኩ 30 ፍሬም ላይ ተስተካክሎ ይቀርጻል። መብራቱ ሲደበዝዝ ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል ፍሬሙን ይቀንሳል፣ ሲደምቅ ይመልሰዋል። ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ግን እኩል እርምጃ ነው የሚጠብቀው። ክሊፑ ሲጀምር ጭብጨባው ከእጁ ጋር ይገጥማል። አርባኛው ደቂቃ ላይ አባት ሲመርቁ ከንፈራቸው ዝም ካለ በኋላ "አሜን" የሚለው ይሰማል። ኤዲተሩ ድምጹን ቆርጦ ወደ ግራ ይገፋዋል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሄድ እንደገና ይላቀቃል፣ ምክንያቱም ልዩነቱ በየቦታው እኩል አይደለም። መድኃኒቱ ክሊፑ ታይምላይን (የመቁረጫው ሰሌዳ) ላይ ከመቀመጡ በፊት ፍሬሙን ቋሚ ማድረግ ነው።

ሃንድብሬክ የሚባለው ኮንቨርተር ይህን በነጻ ይሠራል፤ ግን ሲከፈት በሚመጣው "ፋስት 1080ፒ30" እንዳለ ከተጫነ ፍሬሙን 30 እንዳያልፍ ይገድበዋል እንጂ ቋሚ አያደርገውም፣ ፎርኬውንም ወደ 1080 ያወርደዋል። ብዙ ሰው "ኮንቨርት አድርጌው እንኳ ድምጹ አልገጠመም" የሚለው እዚህ ጋ ተሸውዶ ነው። የቪዲዮ ገጹ ላይ "ኮንስታንት ፍሬምሬት"ን ምረጡ፣ የጥራት ቁጥሩን ከ22 ወደ 17 ወይም 18 አውርዱ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ዋናው ካሜራ 25 ፍሬም ቀርጾ ስልኩ 30 ከሆነ ስልኩን በኮንቨርተር ወደ 25 አትጫኑት። ከየስድስቱ ፍሬም አንዱ ይጣልና እስክስታው የሚደናቀፍ ይመስላል። እንዳለ 30 ቋሚ አድርጉት፣ የቀረውን ታይምላይኑ ላይ እያያችሁ ወስኑ።

ኤች 265 ሌላ ጉዳይ ነው። ደረጃው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሆነ የ2012ቱን ፕሪሚየር ሲኤስ6 እስከዛሬ የሚጠቀም ቤት ፋይሉን ባያውቀው አይገርምም። አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ይከፍተውና ይንተባተባል። አብዛኛው ፍሬም ሙሉ ስዕል ሳይሆን ከጎረቤቱ የተለየበትን ብቻ ስለሚይዝ፣ አንድ ቦታ ላይ በቆማችሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ስዕል ይፈልጋል። ራም መጨመር ይህን እምብዛም አይፈታውም። የሚፈታው እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሙሉ ወደሚሆንበት ፎርማት፣ ለምሳሌ ወደ ዲኤንኤክስኤችአር ወይም ፕሮሬስ መለወጥ ነው፤ ሻተር ኢንኮደር ሁለቱንም ይሠራል።

ዋጋው ቦታ ነው። አይፎን 1080ን በ30 ፍሬም በኤች 265 ሲቀርጽ በደቂቃ ወደ 60 ሜጋባይት ይፈጃል፣ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ማለት ነው። ኤስኪው የሚባለው የዲኤንኤክስኤችአር የጥራት ደረጃ በ1080 እና በ25 ፍሬም በሴኮንድ 120 ሜጋቢት አካባቢ ስለሚወስድ አንድ ሰዓቱ 54 ጊጋባይት ይሆናል። የአራት ሰዓት ሰርግ 216 ጊጋባይት ነው። ለአነስተኛ ቤት የምመክረው ኦሪጅናሉን ሳይነኩ ዝቅ ባለው ደረጃ በኤልኪው ፕሮክሲ (ለመቁረጫ ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ) ማዘጋጀት፣ በፕሮክሲው ቆርጦ መጨረሻ ላይ ከኦሪጅናሉ ኤክስፖርት ማድረግ ነው። ፕሮክሲው በሰዓት 16 ጊጋባይት አካባቢ ይበቃዋል። ፋይሉን የምታስቀምጡበት ዲስክ ፎርማቱ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ሳለ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት።

የድሬ ሙቀትና የመብራት መጥፋትም የዚህ ሥራ አካል ናቸው። ላፕቶፕ ከውስጥ ወደ 95 እና 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀን በስምንት ሰዓት የተጀመረ ሥራ ማታ ከሚጀመረው ይረዝማል። ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከባዱን ለሌሊት አቆዩት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በመሥራት ላይ የነበረው ኤምፒ4 በአብዛኛው ይበላሻል፣ የፋይሉ ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነውና። ሦስት ሰዓቱን በአንድ አገጣጥሞ መለወጥ ለዚህ አይበጅም። ክሊፖቹን እንደየተቀረጹበት ለየብቻ በተራ አሰልፏቸው፤ ቢጠፋም የሚበላሸው አንዱ ብቻ ይሆናል።

በቴሌግራም የመጣው ክሊፕ በምንም ኮንቨርተር አይድንም። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ተጨምቋል፣ የጠፋው ዝርዝር ጠፍቷል። ሐረር ላይ ይህ ከሰርግም ያልፋል። የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በየሰው ስልክ ያለው የበዓሉ ምስል ግን ተጨምቆ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ በየዙሩ ይደበዝዛል። "እንደ ፋይል" ተብሎ ቢላክ ቴሌግራም ሳይነካው እስከ 2 ጊጋባይት ያደርሳል። ሽማግሌዎቹ ዚክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ሲሉ የቀረጸ ሰው ይህችን አንዲት ምርጫ ማወቅ አለበት።

ከቀረጻ በፊት ለቤተሰቡ ሁለት ነገር መንገር ደግሞ ብዙ ኮንቨርት ያስቀራል። አይፎን ላይ በካሜራ ሴቲንግ ፎርማቱን "ሞስት ኮምፓቲብል" ቢያደርጉት ስልኩ 1080ን በኤች 264 ይቀርጻል። "ሾው ፓል ፎርማትስ" ሲከፈት 25 ፍሬም ይመጣል፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳራሹ አምፖል መብለጭለጭም በዚያው ይቀንሳል።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ቪዲዮ ቤቱ ዋጋ ይጠይቅ፣ ደንበኛውም ይክፈል፤ አንድ ሌሊት ማሽን የሚይዝ ሥራ ነው። በምላሹ ቪዲዮ ቤቱ ኦሪጅናሉን ከተለወጠው ለይቶ በሌላ ፎልደር ያስቀምጥ፣ ደንበኛው ያለቀውን እስከ መጨረሻው አይቶ ድምጹ ከከንፈሩ መግጠሙን እስኪያረጋግጥም ካርዱን አያጥፋ።