ይድረስ ለክቡር የኪራይ ቤት ማስታወቂያ

ጉዳዩ፦ መኝታ ክፍሌን ስለማፈላለግ

ክቡር ማስታወቂያ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከመኝታ ክፍሌ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት «ሰፊ ዱፕሌክስ፣ ለቤተሰብ የሚሆን» ብለው ወዳወጡት ቤት ገባሁ። ውሉን ስፈርም ያየሁት የታችኛውን ብቻ ነበር፤ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ። ደላላው «የላዩ ቁልፍ አሁን እጄ ላይ የለም፣ ያው ነው» አለኝ። ያው ነው! እኔም ዱፕሌክስ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው ብዬ፣ ከታች እንግዳ ከላይ እንቅልፍ እያልኩ ዕቃዬን በሐሳቤ ደርድሬ ጨርሼ ነበር።

ፍራሼን አናቴ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። በክርኔ ገፋ አድርጌ ገባሁ። ፍራሹ ዓይኔን ስለጋረደኝ መጀመሪያ የታየኝ እግር ነው። ብዙ እግር። አንድ ቤተሰብ ማዕድ ከቦ ተቀምጧል።

«ማንን ፈልገህ ነው ወንድሜ?» አሉኝ አባወራው።

«መኝታ ክፍሌን» አልኳቸው።

መጀመሪያ የሳቀችው ትንሿ ልጅ ናት። ከዚያ ሁሉም። ከዚያ ዕቃ ጫኞቹ ቁም ሳጥኔን ደረጃው መሃል አቁመው ሳቁ። መልሶ ለማውረድ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ጠየቁኝ።

ደላላው ጋ ስደውል አስተማረኝ። ዱፕሌክስ አንዳንድ ቦታ በውስጥ ደረጃ የተያያዘ ባለ ሁለት ወለል የአንድ ሰው ቤት ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ሁለት አባወራ የሚካፈለው አንድ ሕንፃ። «ሁለቱም ልክ ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ አጣርቻለሁ። እርስዎ የትኛው እንደሆኑ የሚታወቀው ግን ከፊርማ በኋላ ነው።

«ታዲያ የት ልተኛ?»

«ሳሎኑ ሰፊ አይደል?»

ለካ በዱፕሌክስ ዋጋ ስቱዲዮ፣ ማለትም ሳሎኑም መኝታውም አንድ ክፍል የሆነ ቤት፣ ነው የተከራየሁት።

ለነገሩ ድሮም ያውቁኛል። «60 ካሬ» ያሉኝን ቤት ብለካው 44 ሆነ፤ ቀሪው የግድግዳው ውፍረትና የደረጃው ድርሻዬ ነው ተባልኩ። በአፓርታማና በኮንዶሚኒየም መካከል ያለውን ልዩነት ስጠይቅም «አፓርታማ ደረጃው ከፍ ያለ ነው» አሉኝ። ኮንዶሚኒየም ማለት ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቤት አለው፣ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ሊፍቱ የጋራ ነው። ይህን የተማርኩት ሊፍቱ ተበላሽቶ አከራዬ «የጋራ ነው፣ ኮሚቴውን ጠይቅ»፣ ኮሚቴው ደግሞ «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» እየተባባሉ ሰባተኛ ፎቅ በእግሬ ሲያመላልሱኝ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቀብዴን መልሱልኝ ስል ውሉን አሳዩኝ። «የቤቱ ዓይነት፦ ዱፕሌክስ»። ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

ስማ፣ አንተ! ሰው ወዳንተ የሚመጣው ጓዙን ጠቅልሎ፣ የድሮ ቤቱን ቁልፍ አስረክቦ፣ ተበድሮ ነው። መመለሻ እንደሌለው ታውቃለህ። አውቀህ ነው አንዲት ቃል ወርውረህ ዝም የምትለው። «ፎቁ የሌላ ሰው ነው» ብሎ መጻፍ አራት ቃል ነው። አራት ቃል!

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

ከሰላምታ ጋር
የዱፕሌክሱ የታችኛው ግማሽ

ግልባጭ፦
ለደላላው (ስልኩን ካነሳ)
ላይ ላሉት ጎረቤቶቼ። ልጅቷ በመስኮቴ ባለፈች ቁጥር «ጋሼ፣ መኝታ ቤትዎ ተገኘ?» ትለኛለች።