በስኳር ነው የጀመረው

የሰፈራችን ሱቅ ሊዘጋ ነው የሚለውን ወሬ የሰማሁት እዚያው ሱቁ በረንዳ ላይ ነው። ሌላ የት ይሰማል? ደብረ ብርሃን ውስጥ ወሬም እንደ ሰው ብርድ ይፈራል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያረፈችበት ቦታ ፈልጎ ይሰበሰባል። በእኛ ሰፈር ፀሐይ መጀመሪያ የምታርፈው የጋሼ ሱቅ አግዳሚ ላይ ነው።

የዚያን ዕለት አግዳሚው ላይ አምስት ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የሚያወራ የለም። ደነገጥኩ።

«ማነው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ሱቁ» አሉኝ ከጎናችን የሚኖሩት እትዬ።

«ምነው? ደህና አልነበረም እንዴ?»

«ኧረ ሲያመው ነው የከረመው። በስኳር ነው የጀመረው።»

እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ የጠፋው ስኳር ነው። ቀጥሎ ዘይት። ከዚያ የላይኛው መደርደሪያ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆነ። ጋሼ ባዶነቱ እንዳይታይ አንድ ረድፍ ሶፍት ከፊት አቆሙ። ለሚያየው ሱቁ ሞልቷል። አንዱን ሶፍት ስትገዛ ግን በቀዳዳው በኩል ግድግዳው ይታይሃል። እኔ ሁልጊዜ ከዳር ያለውን ነበር የምገዛው፣ እንዳላሳጣቸው ብዬ።

«ሕክምና አልሞከሩለትም?» አለ አንዱ።

«ብድር የሚሰጡት ጋ ወስደውት ነበር። መያዣ ከሌለው አናስተኛም አሏቸው።»

ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። እንዲህ ዓይነት ሐዘን ላይ ባዶ እጅ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ሻይ ይፈላ ተባለ። ሻይ ቅጠሉ ከሱቁ መጣ። በዱቤ።

ሱቋ ትልቅ ሆና አታውቅም። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያዘው። ግን ያልተሸጠባት ነገር የለም። ሳልሳ በማንኪያ ይሸጣሉ ጋሼ። ማንኪያውን ፌስታሉ አፍ ላይ ጠረግ አድርገው፣ የቀረችውን ደግሞ በጣታቸው ጨምረው። ዘይት በሲኒ አለ። ክር በክንድ አለ። የባትሪ ድንጋይ አንዱን ብቻ መግዛት ይቻላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግማሽ ሎሚ ገዝቻለሁ። ሌላውን ግማሽ ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጋሼ የደንበኛ ምስጢር አያወጡም።

ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ አንድ ምስማር አለች። የሰፈሩ ቁልፍ በሙሉ የሚንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ፣ ባል አምሽቶ ሲመጣ፣ ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው። ባልየው ስንት ሰዓት ላይ ቁልፉን እንደወሰደ ሚስት ጠይቃ መልስ አግኝታ አታውቅም። ቅድም አልኩ እኮ፣ ምስጢር አያወጡም።

እንግዲህ ይህ ሱቅ ነው የሚዘጋው።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ ብዬ ሳስብ ትዝ የሚለኝ የ200 ብር ኖት ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሲወጣ 200 ብር ይዞ ሱቅ መምጣት ጉራ ነበር። «ገና በጠዋቱ 200 ብር ይዘህ ትመጣለህ? መልሱን ከየት ላምጣው?» ብለው ተቆጥተውኛል ጋሼ። አሁን እናት ልጇን 200 ብር አስይዛ ትልካለች። ልጁ ተመልሶ ይመጣል። «መልሱስ?» ስትለው፣ «30 ብር ጎድሏል፣ ጨምሪ ብለውሻል» ይላል።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ገበያ ይወስነው ብሎ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ዘይት ቢጨምር ይገባኛል። ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ወርዶ ነው የሚደርሰን። የገረመኝ የገብሱ ነው። ገብሱ የመጣው ከአንጎለላ በአህያ ነው። አህያዋም ነዳጅ አትጠጣም። ባለ አህያውን «ገብሱ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የጨመረው? ዶላር ያውቃል እንዴ?» አልኩት።

«እሱ አያውቅም» አለኝ። «ታዲያ እኔ ዘይት የምገዛው በምን መሰለህ?»

ቴሌቪዥን ላይ ከሚቀርቡት ባለሙያዎች ሁሉ ነገሩን በደንብ ያስረዳኝ እሱ ነው።

መንገዱም አለ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። መንገድ ሲዘጋ ግን መርካቶ ከቻይና ይርቃል። ኪራይም ጨምሯል። ኪራይ ያልጨመረበት ሰው ካለ ደግሞ እጁን ያውጣና እንየው።

ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ እኛም አለንበት።

ጋሼ ደብተር አላቸው። ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለበት፣ የተማሪ ደብተር። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሰፈራችን ሰው ትእዛዝ አክባሪ ስለሆነ በነጋታው ይመጣል። ሲመጣ ይጻፍለታል። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ጋሼ አምስት ሊትር ዘይት ከአከፋፋይ በ850 ብር ያመጣሉ። ለእኔ በ900 ይሰጡኛል። እኔ «ይጻፉልኝ ጋሼ» እላለሁ። ይጻፋል። አራት ወር ቆይቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ 900 ብር እከፍላለሁ። የሰው ገንዘብ የማልበላ ጨዋ ነኛ! ጋሼ 900 ብሯን ይዘው አከፋፋዩ ጋ ሲሄዱ ዘይቱ 1,100 ገብቷል። 50 ብር አትርፈዋል። ዘይቱን ለመተካት ግን 200 ብር ጎደላቸው። እንዲህ እያተረፉ፣ እያተረፉ ነው ያለቁት።

በዚህ ሁሉ ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ዋጋ ያልጨመረበት ቦታ ቢኖር የጋሼ ደብተር ነው። እዚያ ውስጥ የተጻፈ ዘይት እንደተጻፈ ይኖራል።

በነገራችን ላይ እዚህ ከተማ አረቄ ቤት ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። አረቄ ቤት መጀመሪያ ትከፍላለህ፣ ከዚያ ትረሳለህ። ሱቅ ላይ መጀመሪያ ትረሳለህ።

ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ሁለት ሳምንት በሱቁ በኩል አላለፍኩም። ደብረ ብርሃን ለባለዕዳ የተፈጠረች ከተማ ናት። ብርዱ ሰበብ ነው። ጋቢህን እስከ ዓይንህ ድረስ ብትከናነብ ማንም ምነው አይልህም። ሰው ሁሉ ተከናንቦ ስለሚሄድ ዕዳ ያለበትና የሌለበት አይለይም። አንድ ቀን የግድ ሆኖ በዚያ በኩል ሳልፍ ተከናንቤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ሽማግሌ እያነከስኩ ሄድኩ።

«እንደምን አደርክ!» አሉኝ ጋሼ ከውስጥ፣ ስሜን ጠርተው።

እንዴት አወቁኝ? ቁልቁል ሳይ የጫማዬ ክር አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡኒ ነው። ቡኒውን የወሰድኩት ከእሳቸው ነው። እሱም ደብተር ላይ አለ።

የአክስቴ ልጅ ለንደን ነው የሚኖረው። ስልክ ሲደውል ነገሩን አጫወትኩት፣ ምናልባት አዝኖ ዕዳዬን ይከፍልልኝ እንደሆነ ብዬ። እሱ ግን ታሪክ ጀመረልኝ። እነሱ ጋ ዉልዎርዝስ የሚባል ሱቅ ነበር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ሊቨርፑል ላይ ተከፍቶ፣ ከረሜላም ድስትም አሻንጉሊትም የሚሸጥ፣ በየከተማው ያለ። በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ዕዳው ከብዶት ወደቀ። ከ800 በላይ ሱቆች ተዘጉ። 27,000 ገደማ ሠራተኛ ሥራ አጣ። የመጨረሻዎቹ በሮች የተዘጉት ጥር 6 ቀን 2009 ነው አለኝ። ወደ እኛ ብመልሰው ታህሳስ 28 ቀን 2001 ዓ.ም. ሆነ። የገና ዋዜማ! እኛ እዚህ በዶሮ ዋጋ ስንጨቃጨቅ እነሱ እዚያ በር እየዘጉ ነበር ማለት ነው።

«ሕዝቡ አዘነ?» አልኩት።

«አዝኗል። ግን ቅናሽ ስለነበር ግር ብሎ ገዛ። በመጨረሻ መደርደሪያው ሳይቀር ተሸጠ።»

እዚህ ላይ ተለያየን። ፈረንጅ ሱቅ ሲዘጋ ዋጋ ይቀንሳል። እኛ ጋ ሲዘጋ ይጨምራል። ጋሼ ሊዘጉ ነው ከተባለ በኋላ የቀረችው አንድ ሳሙና 10 ብር ጨመረች። «ምነው ጋሼ?» ሲሏቸው፣ «ከእሷ ወዲያ የለማ!» አሉ። ደግሞም ተሸጠች።

የሰፈሩ ሰው ጭንቀት ያኔ ነው ከልብ የጀመረው። «ከእንግዲህ ከየት እንገዛለን?» የሚል አልሰማሁም። የምሰማው «ከእንግዲህ ማን ይጽፍልናል?» ነው።

አስፋልቱ ዳር አዲስ የተከፈተ ሚኒ ማርኬት አለ። መላመድ አይቀርም ብዬ ሄድኩ። በሩ መስታወት ነው። ውስጡ ይሞቃል። ደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ «ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። በቃ፣ እዚያው ሰውነቴ ላላ።

«ሳልሳ አለ?»

«አለ» ብላ ጣሳውን አመጣች።

«ማንኪያስ?»

«ማንኪያ እዚያ ጋ ነው፣ ደርዘኑ...»

«የሚገዛ አይደለም። የሚለካበት።»

አልገባትም። እኔም ለማስረዳት አፈርኩ። ነገሩን ለማስቀየር ብዬ «ቁልፍ የምታስቀምጡበት ምስማር አላችሁ?» አልኳት። ጥበቃውን ቀና ብላ አየችው። ጣሳውን ገዝቼ ወጣሁ። ደረሰኝ ሰጡኝ። ረጅም ነው፣ ቀን አለበት፣ ሰዓት አለበት፣ ታክስ አለበት። ስሜ ግን የለበትም። ጋሼ ደብተር ላይ እኔ ሙሉ ገጽ ነበረኝ።

ደሞዝ የወጣ ዕለት ጨከንኩና ሄድኩ። ጋሼ ባንኮኒው ላይ ሚዛኑን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነው። የሶፍቱ ረድፍ አልቋል። ግድግዳው በሙሉ ይታያል። ሶፍቱ የቆመበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሏል።

«ወዴት ሊሄዱ ነው ጋሼ?»

«መንዝ፣ ወንድሜ ጋ። በግ እናረባለን።»

«በግ ያዋጣል?»

«በግ ዱቤ አይጠይቅም» አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ ጨመሩ፦ «ዋጋ ሲጨምር እሱም አብሮ ይጨምራል። ባይሸጥም ይወልዳል። ሶፍት ወልዶልኝ አያውቅም።»

ደብተሩን አወጡ። ገጼን ከፈቱ። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ዘይት፣ 900። ሻማ ሁለት። ክብሪት። የጫማ ክር አንድ እግር። ምስር ሩብ። ግማሽ ሎሚም አለች። ግማሽ ሎሚ ሲነበብ አግዳሚው ላይ ያሉት ዞር ብለው አዩኝ። ጠቅላላ 1,385 ብር።

ዛሬ ዘይቱ ብቻውን ስንት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም አላነሳነውም። 1,400 ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ገጼ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዝ አደረጉበት። እንዲህ የተሰረዘ ገጽ ሌላ ይኑር አይኑር ለማየት አንገቴን ሰገግ ሳደርግ ደብተሩን ዘጉት።

15 ብር መልስ ቀረኝ። መሳቢያውን ሳቡ። ዝርዝር የለም። ዝርዝር ሲጠፋ ማስቲካ ነበር የሚሰጡኝ። የማስቲካውን ዕቃ ገለበጡት። እሱም ባዶ ነው።

«ይቅር ጋሼ» አልኩ።

«አይቀርም» አሉ። ዞር ብለው ከምስማሯ ላይ ቁልፉን በሙሉ አወረዱና ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። «አንተ ቤት ትውላለህ አይደል? በል ይሄን ያዝ። ባለ ቀይ ክሩ የእትዬ ነው። ይቺ ጠማማዋ የማን እንደሆነች አላውቅም፣ አንድ ቀን ባለቤቷ ይመጣል።»

ይዤ ገባሁ። በር ጀርባ ምስማር መታሁ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ባለ ቀይ ክሩን አውርጄ ሰጠኋቸው። አመስግነው ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ።

«ስማ የኔ ልጅ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት አታጣም መቼም?»

አመጣሁላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ጻፈው» አሉኝ።