«ውሃ ወሰደው» ከማለታችን በፊት

የምኖርባትን የእንግሊዝ ከተማ ወንዝ መሃል ለመሃል ያቋርጣታል። ጠዋት ጠዋት ሰው ዳሩን ይዞ ይሮጣል፣ እናቶች ጋሪ ይገፋሉ፣ ሽማግሌዎች ከውሻቸው ጋር ይንሸራሸራሉ። ትንሽ ሄድ ሲሉ አንድ ምሰሶ ይገኛል፤ ምሰሶው ላይ ቀይ የመንሳፈፊያ ቀለበትና የተጠቀለለ ገመድ ተሰቅሏል። ለዓመታት በአጠገቡ ሳልፍ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ገመዱ በቦታው መኖሩን ሳላይ አላልፍም። ቅዳሜና እሁድ በነፃ የማገለግልበት የውሃ ደህንነት በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራው ይኸው ነው፤ አደጋው ሳይደርስ ቀድሞ መድረስ።

ባለፈው መስከረም አዲስ ኃላፊ ተሾመችልን። አዲስ አለቃ ሲመጣ፣ እዚህም ይሁን አገር ቤት፣ የለመድኩት መጀመሪያ የትውውቅ ስብሰባ፣ ከዚያ አዲስ ዕቅድ፣ ከዚያ የመዋቅር ለውጥ ነው። እሷ በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቀችው በአካባቢያችን ውሃ ውስጥ የሞቱ ሰዎችን ፋይል ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ሟች አንድ አንድ ገጽ። ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ ቦታዎቹን በእግሯ መዞር ጀመረች፤ ያውም አደጋው በደረሰበት ሰዓት። ሌሊት የሞተ ሰው ካለ ሌሊት ትሄዳለች።

አንድ የኅዳር ምሽት አብሬያት ሄድኩ። ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ያለበት ቦታ ነው። ጓንቷን አወለቀችና በርከክ ብላ የመጨረሻውን ደረጃ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ና ንካው» አለችኝ። ድንጋዩ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሷል፤ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ቀና ስንል የመንገዱ መብራት አይሠራም፤ እጅ የሚይዘው ብረትም የለም። እዚያ የሞተው ወጣት ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነበር እንጂ ሊዋኝ አልመጣም። በብሪታንያ ውሃ ከሚገድላቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ ሲራመዱ ወይም ሲሮጡ አዳልጧቸው የገቡ። በሦስተኛው ወር መብራቱ ተጠገነ፣ ደረጃው ላይ ብረት ተተከለ። ለዚያ ብረት ስንት ደብዳቤ እንደጻፈች አውቃለሁ፤ ግልባጩን ፋይል የማደርገው እኔ ነኝ።

ይህች አገር በዚህ ሥራ ብዙ ቆይታለች። የነፍስ አድን ጀልባዎችን የሚያሰማራው አር ኤን ኤል አይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1824 ሲሆን፣ ዛሬም የሚኖረው በአብዛኛው ሕዝብ በሚያዋጣው ገንዘብና ሌላ መተዳደሪያ ባላቸው በጎ ፈቃደኞች ነው። የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርትም ልጅ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ 25 ሜትር መዋኘትና ራሱን ከውሃ ማዳን እንዲችል ያዛል።

አገር ቤት ስለ ውሃ አደጋ ወሬው የሚደርሰን ከመጨረሻው ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች አስከሬን አውጥተው ለፖሊስ አስረከቡ የሚል ዜና እንሰማለን። ለግንባታ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ የተፈለጠበት ካባ ዝናብ ይሞላዋል፤ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ። ኮሚሽኑ ጉድጓዶቹ እንዲደፈኑና እንዲታጠሩ ደጋግሞ ያሳስባል። ጭቃ ውሃ ውስጥ በእጃቸው እየዳበሱ የሰው ልጅ የሚፈልጉት እነዚያ ጠላቂዎች ትልቅ ክብር ይገባቸዋል። ግን የሚጠሩት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

አነጋገራችንም አግዞናል ብዬ አስባለሁ። «ውሃ ወሰደው» እንላለን። ወሳጁ ውሃ፣ የተወሰደው ልጅ። ጉድጓዱን ቆፍሮ ትቶት የሄደው ሰው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም።

በልጅነቴ የጎረቤታችንን ልጅ የካባ ውሃ ወስዶብናል። ታላቅ ወንድሙ ሊያወጣው ዘሎ ገባ፤ ትንሹ አንገቱን አንቆ ያዘው። ታላቅየውን በመከራ አወጡት። የሰመጠ ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ፤ አረፋ የሚጨብጥ ሰው የወንድሙን አንገት ካገኘ አይለቅም። እዚህ ለልጆች የምናስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ አትግባ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት፣ ሰው ጥራ። ያኔ ለቅሶው ላይ የሰማሁት «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነበር። ካባው በሚቀጥለው ክረምትም ሳይታጠር ውሃ ሞላ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ብቻ ወደ 300,000 ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ይሁንና የሞቱ መጠን ከ2000 ወዲህ በ38 በመቶ ቀንሷል። ቀኑ ስለደረሰ ብቻ የሚመጣ ሞት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልቀነሰ።

በአራተኛው ወር ኃላፊዋ ጠርታ «የእናንተ ማኅበረሰብ እናቶች ወደ ዋና ትምህርታችን ለምን አይመጡም?» አለችኝ። እንግሊዝ ውስጥ ካሉ ጥቁር አዋቂዎች 95 በመቶው እንደማይዋኙ አንብባ ነበር። በወንዶች ፊት የዋና ልብስ መልበስን ነገር ነገርኳት። ከዚያ አንዲት እናት ያለችኝን ነገርኳት፦ «ወንድሜ፣ እኔ ከሊቢያ በጀልባ ነው የመጣሁት። ልጄን ውሃ አጠገብ አላስጠጋም።» ኃላፊዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መዋኛ ገንዳው ላይ የሴቶች ብቻ አንድ ሰዓት ተያዘ። ሰዓቱ የተወሰደው ከአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ስለነበር ተቃውሜያለሁ፤ አሁንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም።

በመጀመሪያው ቀን ማንም ውሃ ውስጥ አልገባም። ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ነከሩ። በሁለተኛው ሳምንት ፊታቸውን አስነኩ። በአምስተኛው መንሳፈፍ ጀመሩ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ራስን ወደ ኋላ ጣል ማድረግ፣ ጆሮን ውሃ ውስጥ ማስገባት፣ መተንፈስ፣ አለመታገል። ከ15 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ያንን አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ተንሳፍፎ ካሳለፈ ግን ትንፋሹ ይመለስለታል። አሠልጣኟ እንደነገረችኝ፣ ያቺ ከሊቢያ የመጣችው እናት እጅ ሳይደግፋት ተንሳፍፋ ስትወጣ «ድምፅ የለም፤ ያኔ ጩኸት ብቻ ነበር» ብላ አለቀሰች። ልጇ አሁን ከእኔ ቡድን ጋር ይማራል።

ይህን ሁሉ አገር ቤት ላለው ወንድሜ በስልክ አወራሁለት። «ቀለበቱን ከየት እናመጣለን?» አለኝ። ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ፣ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ አስሮ መወርወር እንደሚቻል ነገርኩት። ሰኔ ላይ ከሠፈሩ ወጣቶች ጋር ሆነው የድሮውን ካባ ዙሪያ በእሾህ አጠሩት። በላከልኝ ፎቶ ላይ አጥሩ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ከሥሩ በከሰል የተጻፈ ካርቶን አለ፦ «አትግባ፣ ወርውር።» ሐምሌ ላይ ገመዱን ሰው ፈትቶ ወስዶት ነበር፤ ሌላ አስረውበታል።