ማስተካከያ፦ ቱሉ ሞዬ ገና መብራት አልሰጠም

ባለፈው ሳምንት ስለ ቱሉ ሞዬ የጂኦተርማል (ከከርሰ ምድር ሙቀት መብራት የማመንጨት) ፕሮጀክት «ቱሉ ሞዬ 50 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀምሯል፣ አዳማም ከዚያ ታገኛለች» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። 50 ሜጋ ዋት የመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቅድ እንጂ የሚመነጭ ኃይል አይደለም። ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ማመንጫው ግን የለም። ጉድጓድ ሲፈተሽ ነጭ እንፋሎት እየጮኸ ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶ አይቼ ነው ሥራ ጀመረ ብዬ የደመደምኩት።

በአገራችን በጂኦተርማል ኃይል ያመነጨው አሉቶ ላንጋኖ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረ የ7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ ሲሆን ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ቆሟል። አዳማ ጫፍ ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ማመንጫዎች ብቻ በሁለት ምዕራፍ 204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፣ ልዩነቱን እዩት።

«ሶደሬ ፍል ውሃ እያለን ለምን አይሆንም?» ላላችሁኝም፣ ገላ የምንታጠብበት ሙቀት ተርባይን አያዞርም። ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ በጣም የጋለ እንፋሎት መገኘት አለበት። አንዱ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል፣ ባዶም ሊወጣ ይችላል። ትልቁ ማነቆ ይሄ ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።