ግሪዜልዳን የበደላት ባሏ ብቻ አይደለም

የ«ታጋሿ ግሪዜልዳ» ታሪክ ለብዙ ዘመን ለሚስቶች ሲሰበክ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ያው ታሪክ ሴትን ያዋርዳል ተብሎ ይወገዛል። ሰባኪውም አውጋዡም ነገሩ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው በሚለው ይስማማሉ። እኔ ግን እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ያስገባውን ይህን ግጥም ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በጋብቻው ዙሪያ ቆመው በሚያዩት ሰዎች ላይ ነው።

ተራኪው ወደ ካንተርበሪ ከሚጓዙት ተሳላሚዎች አንዱ፣ ድኻው የኦክስፎርድ ተማሪ ነው። ታሪኩን በጣሊያኗ ከተማ ፓዶቫ ከባለቅኔው ከፔትራርክ ተማርኩት ይላል። ፔትራርክም ከሌላው ጣሊያናዊ ደራሲ ከቦካቾ ወስዶ ወደ ላቲን የመለሰው ነው።

ዋልተር በሰሜን ጣሊያን የሳሉዞ ገዥ ነው። አደን ይወዳል፤ ትዳር ግን ትዝ አይለውም። ሕዝቡ ዋልተር ያለ ወራሽ ቢሞት ባዕድ ይገዛናል ብሎ ሰጋና ሚስት እንዲያገባ ለመነው። እሺ አለ፤ ግን አስቀድሞ አስማላቸው። የመረጥኳትን ታከብራላችሁ፣ በምርጫዬም አታጉረመርሙም አላቸው። ሁሉም ማሉ፤ አንድም እምቢ ያለ አልነበረም። ከዚያ የድኻውን የጃኒኩላን ልጅ ግሪዜልዳን መረጠና እሷንም አስማላት፤ ፈቃዱን ሁሉ ልትፈጽም፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ላታጉረመርም። ሚስቲቱ የገባችው ቃል ሕዝቡ ቀድሞ የገባው ቃል ነው። ግጥሙ እዚህ ላይ የተናገረውን ያህል ሌላ ቦታ የተናገረ አይመስለኝም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ዋልተር ሚስቱን ልፈትናት ብሎ ሕፃኗን እንዲወስድ ሎሌውን ላከ። ይህ ሎሌ ስም የለውም። የጌቶች ትእዛዝ ይታዘንበት ይሆናል እንጂ መፈጸሙ አይቀርም፣ እኔም እፈጽማለሁ አላት፤ ከዚህ በላይ አላብራራም። እናትየው ልጄን ልሳማት አለች፤ ከገደልካትም አውሬና አሞራ እንዳይበላት ቅበራት ብላ ለመነችው። ለዚህ ልመና አንዲት ቃል አልመለሰላትም። ለእኔ ከዋልተር ጭካኔ ይልቅ የዚህ ሰው ዝምታ ይከብዳል። ዋልተር አንድ ነው፤ እንደዚህ ሎሌ ያለ ሰው ግን ለማንኛውም ዋልተር አይጠፋም።

ወንድ ልጅም ተወለደ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው እሱም ተወሰደ። ልጆቹ በስውር ቦሎኛ፣ ከዋልተር እህት ዘንድ እያደጉ ነው፤ እናታቸው ግን ሞተዋል ብላ ሆድ ይፍጀው ብላለች። ቀጥሎ የሮማው ጳጳስ ጋብቻውን አፍርሷል የሚል ሐሰተኛ ደብዳቤ ተጻፈ። ግሪዜልዳ «ከአባቴ ቤት ራቁቴን መጣሁ፣ ራቁቴን እመለሳለሁ» ብላ በአንድ የውስጥ ቀሚስ ወጣች።

ሕዝቡስ? ልጆቹን አስገደላቸው እያለ በየጓዳው ሲያንሾካሹክ ከርሞ ነበር። እሷ ስትባረር እያለቀሰ ሸኛት። አዲሷ ሙሽራ ስትመጣ ግን ዋልተር ሞኝ አይደለም፣ ይቺ በመልክም በዕድሜም ትሻላለች አለ። (ሙሽራ የተባለችው የ12 ዓመቷ የራሷ የግሪዜልዳ ልጅ ነበረች።) ቾሰር እዚህ ላይ በፔትራርክ ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ስንኝ ጨምሮ፣ ሕዝብ ሆይ፣ እንደ ነፋስ መጠቆሚያ የምትዞር፣ ፍርድህ ሐሰት ነው እያለ ይዘልፋል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለው የእኛ አባባል በሳሉዞም ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ዋልተርን የእግዚአብሔር ምሳሌ አድርገው የሚያነቡ አሉ። ተማሪውም በመጨረሻው ላይ ወደዚያ ያዘነብላል፤ ሚስቶች እንደ ግሪዜልዳ ይሁኑ አልልም፣ ቢፈልጉም አይችሉትም፣ ሰው ሁሉ ግን በመከራው ይጽና ይላል። ችግሩ ወዲያው የያዕቆብን መልእክት መጥቀሱ ነው። እግዚአብሔር ማንንም በክፉ እንደማይፈትን ያ መልእክት ይናገራል። ዋልተር ግን ሌላ ሥራ የለውም፤ ተራኪው ራሱም ያለ ምንም አስፈላጊነት ፈተናት ብሎ ወቅሶታል። ግሪዜልዳን ከኢዮብ ጋር ማስተካከሉ ያስኬዳል። ዋልተርን ከኢዮብ አምላክ ጋር ማስተካከል ግን ግጥሙ ራሱ አይፈቅድም።

ቾሰር እንዲህ ያለውን ገዥ በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በ1378 በእንግሊዝ ንጉሥ መልእክት ወደ ሚላኖ ሄዶ ከከተማዋ ገዥ ከበርናቦ ቪስኮንቲ ቤተ መንግሥት ጋር ተነጋግሯል። በርናቦ በ1385 በወንድሙ ልጅ ተይዞ በእስር ሞተ፤ ቾሰርም በዚያው የተረት መድበል ውስጥ፣ መነኩሴው በሚተርከው ክፍል፣ የሎምባርዲ (ሚላኖ ያለችበት አገር) መቅሠፍት ብሎ ከወደቁት ታላላቆች ተርታ አስገብቶታል። ተማሪው በመግቢያው የሳሉዞን አገር ሲገልጽም ሎምባርዲን ይጠራል። የዚያን ዘመን አድማጭ ስለ ማን እንደሚወራ ለመገመት ብዙ አይቸገርም ነበር።

ከታሪኩ በኋላ የምትመጣው ዘፈን ቀልደኛ ናት። ግሪዜልዳ ሞታለች፣ ትዕግሥቷም አብሯት ጣሊያን ተቀብሯል ትላለች፤ ሚስቶችም ምላሳቸውን በትሕትና እንዳይቸነክሩ ትመክራለች፤ አለዚያ ታጋሽ ሚስቶችን ብቻ እየበላች የከሳችው ላም ትውጣቸዋለች። አንባቢ ስቆ ያልፋል። እኔ ግን ከዘፈኗ በፊት ያሉትን ጥቂት ስንኞች እመርጣለሁ። ዋልተር ሁሉም ፈተና እንደነበር፣ ልጆቹም በሕይወት እንዳሉ ገልጦ ግሪዜልዳን ከመለሳት በኋላ፣ ማንም ሳይወቅሰው ከእሷ ጋር በሰላም ኖረ። ልጁ ግዛቱን ወረሰ፣ ትዳሩም ሰመረ፤ ሚስቱን ግን እንደ አባቱ አልፈተናትም። ተራኪው ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ዓለም እንደ ድሮው ጠንካራ አለመሆኗን ነው፤ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፈገግታ ያልነበረ አይመስለኝም።